መሬት በምትነቃነቅበት ሰሞን፡ እንቅልፍ፣ ውሃና የሕፃናት ወተት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ረመዷን አመጋገብ ነው። የዛሬው ርዕሳችን ከዚያ ወጣ ያለ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ መግቢያው ያው ማዕድ ቤትና መኝታ ቤት ነው።

በ2017 ዓ.ም ጥር ወር መግቢያ ላይ የባለቤቴ ታናሽ እህት የሦስት ወር ልጇን ታቅፋ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ቤታችን መጣች። ከአንድ ሻንጣ በቀር የያዘችው ነገር አልነበረም። ባሏ ሱቁን ጥሎ መምጣት አልቻለም። በመጣች በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ልጁ ጡቷን ይዞ እየለቀቀ ሲያለቅስ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ወተቴ እኮ ደርቋል" አለችኝ። "ከዚያች ሌሊት ወዲህ የለም።"

"ያቺ ሌሊት" ያለቻት የታኅሣሥ 26 ሌሊት ናት። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ለተሀጁድ የተነሳ ሰው ውዱእ በሚያደርግበት ሰዓት፣ በሬክተር ስኬል ወደ 5.8 የሚጠጋ የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽ ፈንታሌንና የዱለቻን ነዋሪ ከቤቱ አወጣው። ለእርሷ ግን የመጀመሪያዋ አልነበረችም። ከመስከረም ጀምሮ ደጋግሞ፣ አንዳንዴም በቀን ብዙ ጊዜ፣ መሬቱ ይነቃነቅ ነበር። መስከረም 26 ምሽት ላይ የደረሰውን 4.9 የተለካውን እኛም አዲስ አበባ ሆነን ሰምተነዋል። እኛ ለሁለት ቀን አውርተን ረሳነው፤ እነርሱ ግን ሦስት ወር ሙሉ አብረውት አደሩ።

የባለቤቴ እናት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ኡሚ የምንላቸው፣ የልጃቸውን ነገር ሲሰሙ አልተገረሙም። "ድንጋጤ ወተት ያደርቃል ልጄ" አሏት። "እኔ ሕፃን ሆኜ በካራ ቆሬው ጊዜ እናቴ እንዲሁ ሆና ነበር፤ ወንድሜን በላም ወተት ነው ያሳደገችው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጡጦ እንድገዛ አዘዙኝ። እኔም "ኡሚ፣ ጥቂት ቀን ይስጡኝ" ብዬ ለመንኳቸው።

ድንጋጤ በእርግጥ ወተት ያደርቃል?

ኡሚ የተናገሩት ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ በከፊል እውነት ነው። የጡት ወተት ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው መመረቱ ሲሆን ሁለተኛው መውረዱ ነው። መመረቱን የሚያዘው የሕፃኑ መጥባት ነው፤ ልጁ እስከጠባ ድረስ ጡት ወተት መሥራቱን አያቆምም። መውረዱን የሚያዘው ግን ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን እናት በፍርሃት፣ በሕመም ወይም በእንቅልፍ እጦት ውስጥ ስትሆን ለጊዜው ይታገዳል። ወተቱ እያለ አይወርድም። ልጁ ይስባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል። እናትየው ለቅሶውን ስትሰማ ይበልጥ ትጨነቃለች፤ ጭንቀቱም መውረዱን ይበልጥ ያግደዋል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ጡጦ ከተሰጠ ልጁ ይጠግብና ጡት መሳቡን ይቀንሳል። መሳቡ ሲቀንስ መመረቱም ይቀንሳል። በሳምንቱ መጨረሻ "ደርቋል" የተባለው ነገር በእርግጥም ደርቆ ይገኛል፤ ያደረቀው ግን መንቀጥቀጡ ሳይሆን ጡጦው ነው።

እኛ ቤት ያደረግነው ነገር ቀላል ነበር። የመጨረሻዋን ክፍል ለእርሷ ብቻ ሰጠናት። ልጁን ልብሱን አውልቀን ደረቷ ላይ በቀጥታ እንድታቅፈው አደረግን። በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ሁለቱንም ጡት እንድትሰጠው ተስማማን። ቴሌቪዥኑን ዘጋን፤ ስልኳንም ባለቤቴ ወሰደው፤ ምክንያቱም ከአዋሽ የሚላከውን የተሰነጠቀ መንገድና የፈረሰ ግድግዳ ምስል በየደቂቃው ታይ ነበር። ኡሚ የአብሽና የአጥሚቱን ሥራ ያዙ። አብሽ ብቻውን ወተት እንደሚፈጥር እርግጠኛ ሆኖ መናገር ባይቻልም፣ ትኩስ አጥሚት ለደከመች እናት ፈሳሽም ነው፣ ምግብም ነው፣ "ሰው አለኝ" የሚያሰኝም ነው። በአራተኛው ቀን ልጁ ጡት ላይ እንዳለ ተኛ። ወተቱ ይበቃው እንደሆነ ያወቅነው በሽንቱ ነው። ሕፃን በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበና ክብደቱ ከጨመረ ወተቱ በቂ ነው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ከእኛ ቤት አልፎ ብዙ እናቶችን ስለሚመለከት ነው። በዚያ ሰሞን ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ ክልል አዋሳኝ ወረዳዎች ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከአደጋ ቀጠናው እንደሚወጣ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስንት የምታጠባ እናት እንዳለች ገምቱት። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በየመስጂዱ ሰደቃ ይሰበሰባል፤ አላህ ይቀበላችሁ። አንድ ነገር ግን ላስቸግራችሁ፦ ለመጠለያ የዱቄት ወተትና ጡጦ አትላኩ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም በአደጋ ጊዜ የዱቄት ወተት በጅምላ እንዳይታደል ይመክራሉ። ዱቄቱ የሚበጠበጠው በዚያው በማይታመነው ውሃ ነው፤ ጡጦው የሚታጠበውም በእርሱ ነው። ውጤቱ ተቅማጥ ነው፤ በድንኳን ውስጥ የሦስት ወር ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ይሆናል። በዚያ ገንዘብ ለእናትየው ምግብ፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ጀሪካንና አጎበር ይገዛ። እናቱ የሌለችው ወይም በሕመም ምክንያት የማታጠባው ሕፃን ሲኖር የጤና ባለሙያ እየተከታተለ ወተቱን ይሰጠዋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምድራችን ለምን አትረጋም?

አፋር ምድር ላይ ሦስት ታላላቅ የመሬት ቅርፊቶች ይለያያሉ፤ ወደ ዐረቢያ፣ ወደ ሶማሊያና ወደ ቀሪው አፍሪካ አቅጣጫ። መለያየቱ በዓመት የሚሊ ሜትሮች ጉዳይ ስለሆነ በዓይን አይታይም። አንዳንድ ጊዜ ግን ከሥር ያለው ቅልጥ አለት በስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ ይገባና የዓመታቱ በሳምንታት ውስጥ ይሆናል። በመስከረም 1998 ዓ.ም በሰሜን አፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት እስከ 8 ሜትር የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። በ2017ቱም በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የሆነው የዚያው ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ታላቅ ንዝረት መጥቶ በዚያው ከማለቅ ይልቅ መካከለኛና ትናንሽ ንዝረቶች ለወራት ተከታተሉ። ጥሩው ወሬ፣ እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ የሚያጠፋ አይደለም። መጥፎው ወሬ ደግሞ ሰው እንዲያርፍ አይፈቅድም።

መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም። "ዛሬ ማታ 6 ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል" የሚለውን መልእክት የሚያሰራጭ ሰው፣ የተማረ ቢመስልም፣ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለው ወሬ ከመንቀጥቀጡ እኩል ሰው ከእንቅልፉ ሲያስነሳ አይቻለሁ።

ሌሊቱ

ካራ ቆሬና ማጀቴ በ1953 ዓ.ም ሲመቱ ኡሚ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማጀቴ ፈርሳለች። እርሳቸው ግን የሚያስታውሱት የፈረሰውን ቤት ሳይሆን ለስንት ቀን እንደሆነ የማያውቁት የሜዳ አዳር ነው። "ትልልቆቹ አይተኙም ነበር፤ ቁጭ ብለው መሬቱን ያዳምጣሉ" ይላሉ።

መሬቱን ማዳመጥ የሚለውን አባባል ሐኪም ቢሰማው ወዲያው ይገባዋል። ሰውነት በተጠንቀቅ ሲቆይ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይሳሳል። ለአንድ ሌሊት ምንም አይደለም። ለሳምንታት ሲሆን ግን የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ የስኳር ሕመምተኛው ስኳር ይዘባረቃል፤ የግፊት ሕመምተኛው በሩጫው መሐል መድኃኒቱን ይረሳል። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1994 የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ በደረሰበት ዕለት 24 ሰዎች በልብ ሕመም በድንገት ሞተዋል፤ በሌላ ጊዜ ግን በቀን አምስት እንኳ አይሞላም ነበር። እነዚህን ሰዎች ግድግዳ አልወደቀባቸውም። በቤታችሁ ያሉ አባትና እናት የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒትና የሐኪም ካርዳቸው በር አጠገብ በሚንጠለጠል ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚፈራውና አፍሮ የማይናገረው ነገር አለ። መሬቱ ካቆመ በኋላ፣ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላም፣ ወለሉ የሚነቃነቅ ይመስላል። ሰው ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ውሃ እያየ ያረጋግጣል። ይህ ጅን ወይም እብደት አይደለም። ጃፓኖች ስም አውጥተውለታል፤ "የመንቀጥቀጥ ስካር" እንደማለት ነው። በጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ጠባቂና የሠጋው አእምሮ ተደጋግፈው የሚፈጥሩት ስሜት ሲሆን እንቅልፍ ሲስተካከል ቀስ በቀስ ይተዋል።

ጫትን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በዚያ ወቅት ብዙ አባወራ "ቤተሰቤን ልጠብቅ" እያለ ሌሊቱን በጫትና በቡና ይገፋው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ጫት እንቅልፍን ብቻ ሳይሆን የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል፣ የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ ፍርሃትንም ያባብሳል። ሰፈርተኛው ተራ ይግባ፤ ሁለት ሰው እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሁለት ሰው እስከ ፈጅር፤ ሌላው ይተኛ። ነቅቶ የሚያድረው መንደሩ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሰው አይሁን።

ልጆች ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። መድረሳ የሚሄድ ልጅ ስለ ዘልዘላ ተምሯልና መሬቱ ሲነቃነቅ "ቂያማ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን በሳቅ ወይም በቁጣ አትመልሱት። "ቂያማ መቼ እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ይህ ግን በምድራችን ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው፤ እኔ ከአንተ ጋር ነኝ" ማለት ይበቃል። አልጋ ማርጠብ የጀመረ የስምንት ዓመት ልጅ ካላችሁ አትቅጡት። በፍርሃት የመጣ ነውና ፍርሃቱ ሲሄድ ይሄዳል። ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጁ መብላትና መጫወት ካቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ውጭ ማደር የራሱ ሕመም አለው። በአዋሽ ሸለቆ ደጅ ያደረ ሰው ለወባ ትንኝ ራሱን ይሰጣል። ስለዚህ ከብርድ ልብስ በፊት የሚወጣው አጎበር ነው፤ በዛፍ ወይም በአራት እንጨት መካከል ይወጠራል። በድንኳን ወይም በመኪና ውስጥ የከሰል ማንደጃ ይዞ መተኛት ግን ከመንቀጥቀጡ የባሰ ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳያስነሳ ይወስዳል።

ውሃው

በዚህ ዓምድ ከምለው ሁሉ አንዱን ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህኛው ይሁን። መሬት ስትነቃነቅ ምንጭ ይደፈርሳል፣ የነበረው ይደርቃል፣ ያልነበረው ይፈልቃል። ከታኅሣሥ 25 ጀምሮ ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ሲወጣ ሁላችንም በምስል አይተናል። አዲስ የፈለቀ ፍል ውሃ ብዙ ሰው እንደ በረካ ያየዋል፤ ለመታጠብም ለመጠጣትም ይወርድበታል።

የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ያሉ ፍል ውሃዎች ከዚህ እጥፍ ድርብ ይበልጣሉ። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ያደነድናል፣ አንገትና ጀርባ እንዳይታጠፍ ያደርጋል፤ ሰውየው ሩኩዕ መውረድ ይቸግረዋል። ሰዎች "አፍልተን እንጠጣዋለን" ይላሉ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። የክሎሪን መድኃኒትም አይነካውም። ስለዚህ ለመጠጥና ለምግብ በቦቴ የሚመጣው ወይም የተመረመረው ውሃ ይቀመጥ፤ የማይታወቀው ለልብስና ለዕቃ ይሁን። ወፍራም ሻይም በራሱ ፍሎራይድ አለበትና በእንዲህ ያለ ቦታ ለሕፃናት ሻይ ማጠጣት ይቅር። ወተት ግን በውስጡ ያለው ካልሲየም ፍሎራይዱ ወደ ደም እንዳይገባ በመጠኑ ይከለክላል።

ነገሩ ለእሳተ ገሞራ አመድም ይሠራል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ የመንን አልፎ እስከ ሕንድ ደርሷል። ከሁሉ በፊት ግን የወረደው በአፍዴራ አካባቢ ባሉ መንደሮችና በፍየሎቻቸው ግጦሽ ላይ ነው። አመድ የወረደበት ኩሬ ለሰውም ለከብትም አይጠጣም፤ በርሜሉ ቀድሞ ይከደን፣ አፍና አፍንጫ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን።

ድፍርስ ግን ከታወቀ ወንዝ ወይም ጉድጓድ የመጣ ውሃ ከሆነ በንጹሕ ነጠላ አጣርቶ፣ ከዚያ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጽሑፉ መሠረት መጨመር ነው። ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽህና በአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይታሰባል፤ ለመጠጥ ብቻ ሦስት ሊትር። አምስት ሰው ያለበት ቤት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ቢያስቀምጥ ለሁለት ቀን መጠጥ አያስብም።

ክዳኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ከዚያ ወዲህ አዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝታለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ፣ በሰው ቤት በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ለመንቀጥቀጥ ብለን ያጠራቀምነው ክፍት ውሃ ወባ ሆኖ እንዳይመለስብን።

ማዕዱ

እሳት ሳይነድ የሚበላ ነገር ከቤት አይታጣ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮ፣ ቴምር የሴት አያቶቻችን የመንገድ ስንቅ ነበሩ። ከውጭ ከሚመጣ ብስኩት በሶ በብዙ ይሻላል፤ ከስኳር ይልቅ በጥቂት ጨውና ቅቤ ቢለወስ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ቴምር ብዙ ቤት ከረመዷን የተረፈ አለ፤ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. አብሮ ይግባ።

አርብቶ አደሩ ላይ የሚደርሰው ግን ከዚህ ይከብዳል። ቤተሰቡ ወደ መጠለያ ሲሄድ ወንዶቹ ግመሉንና ፍየሉን ይዘው ወደ ሌላ ግጦሽ ይሄዳሉ። ልጆቹ በአንድ ቀን ከወተት ወደ ስንዴ ይዞራሉ። ስንዴው ሆድ ይሞላል፤ ወተቱ ይሰጥ የነበረውን ፕሮቲን፣ ቅባትና ቫይታሚን ግን አይተካም። እርዳታ የምታሰባስቡ ሰዎች ከዱቄቱ ጋር ምስር ወይም አተር፣ ዘይትና የአዮዲን ጨው ካልጨመራችሁ ሥራው ግማሽ ነው። ከተቻለ ደግሞ ጥቂት የሚታለቡ ፍየሎች ከቤተሰቡ ጋር እንዲቀሩ ማድረግ ከማንኛውም ካርቶን ይበልጣል። ወተቱ ይፍላ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ እንደሚያመጣ ደጋግመን ጽፈናል፣ በግመል ወተት ላይ ጭቅጭቅ እንደሚነሳብኝ ባውቅም አሁንም እላለሁ።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የላይኛ ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ላይ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ኬላ ይሂድ። እዚያ የሚሰጠው የለውዝ ለጥፍ ለዚያ ልጅ መድኃኒቱ ነውና ለወንድሞቹ አይከፋፈል።

በ2017 ረመዷን የገባው የካቲት 22 ነበር፤ ብዙዎች በድንኳን ውስጥ ጾሙት። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ሕመምተኛ በሸሪዓችን የተሰጣቸውን ፈቃድ እንዲጠቀሙ ኡስታዞች በግልጽ ይንገሯቸው። "ሌላው እየጾመ እኔ ልብላ?" ብላ በሐፍረት የምትራብ የምታጠባ እናት አውቃለሁ፤ ስሟን አልጠቅስም።

ቤቱና መስጂዱ

የሚገድለው መንቀጥቀጡ ሳይሆን የሚወድቀው ነገር ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም ሰርዶ ስትመታ የወደቁት በድንጋይ የተገነቡት ቤቶች ናቸው። የአፋር እናቶች ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ክብ ቤት ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም። በቱርክ እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2023 ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያለቀው በአብዛኛው በሚተኛበት ሕንፃ ሥር ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቤት ሁሉ ኋላቀር አንበል።

እኔም ራሴ ስሕተት ሠርቻለሁ። የካቲት 7 ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ 6.0 የተለካው ሲመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው በባዶ እግሬ በጨለማ ደረጃውን ሮጥኩ። ጎረቤታችን በዚያው ደረጃ ላይ እግሯ ወለም አለ። ከአዋሽ የመጣችው የባለቤቴ እህት ግን ልጇን ይዛ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ አገኘናት። ትክክሉ የእርሷ ነበር። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ዝቅ ይበል፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግባ፣ እግሩን ይያዝ፣ ራሱን ይሸፍን፤ ሲያቆም በደረጃ እንጂ በሊፍት አይውረድ። በምድር ቤት፣ በጭቃ ወይም በድንጋይ ቤት ውስጥ ሆኖ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ብቻ የሆነለት ሰው ግን ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ከግድግዳና ከመብራት ገመድ ይራቅ። ምድጃ ላይ ያለ ወጥ አይታይ፤ እሳቱ ቅርብ ከሆነ ብቻ ይጥፋ። ብፌና ቁም ሳጥን በሚስማርና በብረት ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ የልጅ አልጋ ከሥሩ አይሁን።

ስለ መስጂዶቻችን ደግሞ የከበደኝን ልናገር። በብዙዎቹ የሴቶች መስገጃ ፎቅ ላይ ነው፤ መውጫው አንድ ጠባብ ደረጃ ነው፤ በጁሙዓ ቀን ደረጃው ራሱ በጫማ ይሞላል። እዚያ ቦታ ላይ ከንዝረቱ ይልቅ መረጋገጡ ይገድላል። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልጋቸውም፤ ጫማው ከደረጃው ይነሳ፣ ሁለተኛው በር በሶላት ሰዓት አይቆለፍ፣ ከሚናራው ሥር ልጆች አይቀመጡ። ነፍስን ለማዳን ሶላትን ማቋረጥ እንደሚፈቀድ ዑለማኦች ያስተምራሉ፤ ግን ሰው በዚያች ቅጽበት አያስታውሰውምና ኢማሞች ቀድመው ከሚንበር ላይ ቢያሳውቁት፣ "መጀመሪያ እናቶች ይውጡ" ብለውም ቢያለማምዱት መልካም ነው።

ከዒድ በኋላ የባለቤቴ እህት ወደ አዋሽ ተመለሰች። ባሏ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አፍርሶ በቆርቆሮ ሠርቶት ጠበቃት። ኡሚ ሁለት ኪሎ አብሽ አስይዘዋታል፤ የገዛሁትን ባለ ክዳን ጀሪካንም ወሰደች። ልጁ መዳህ እንደጀመረ ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። ስለ ልጁ ጥርስ ብዙ አወራች፤ ልትዘጋ ስትል እንደ ዘበት "ትናንት ሌሊት ትንሽ ነቅነቅ አድርጎን ነበር" አለችኝ። "ልጁ ግን አልነቃም፤ እኔም መልሼ ተኛሁ።"